ሰማይ ይታረሳል፤ አራሹ የት ይቀጠር?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል የቆየ አባባል አለ። ልደታ ላይ የአባባሉ ሁለቱም ግማሾች ተፈትነዋል። ሁለተኛው ግማሽ ዛሬም በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ይፈተናል፤ ትናንት ታጅበው ያልፉ የነበሩ ባለሥልጣናት ተከሰው የሚቆሙት እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ ግን ብዙ ሰው ረስቶታል። ልደታ የችሎት፣ የኮንዶሚኒየምና የቀላል ባቡር ሰፈር ከመሆኗ በፊት የአውሮፕላን ሰፈር ነበረች። ቦሌ ከመሠራቱ በፊት አዲስ አበባ እንግዶቿን ከሰማይ የምትቀበለው በልደታ ነበር። «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው ስም ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በስሙ የሚነግድበት ቤት አከራይ ብዙ ነው፤ የታሪኩን ትርጉም የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በዚያው ሰፈር ዛሬ ማታ ማታ ላፕቶፑን ከፍቶ የምሕዋር ስሌት የሚሠራ ወጣት ቢገኝ የሚገርም አይደለም። ኤሮስፔስ ምሕንድስና እማራለሁ የሚል ተማሪ በአዲስ አበባ ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ብርቅ የሆነው ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ነው። እናቱ፣ አጎቱ፣ የሰፈር ጓደኞቹ፣ በዕድር ድንኳን ሥር አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ፣ ሁሉም ዞረው ዞረው አንድ ነገር ይጠይቁታል፦ «ተመርቀህ የት ልትቀጠር ነው?»

ይህን ጥያቄ እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ አሉ። አይደለም። አንድ ቤተሰብ ከዕለት ጉርሱ ቆጥቦ ልጁን አስተምሮ፣ ልጁም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ላይ የተጣለውን የመውጫ ፈተና አልፎ፣ በመጨረሻ ሥራ ፈልጎ ቢያጣ የሚከፍለው ቤተሰቡ ነው። የእናትየዋ ጥያቄ የበጀት ጥያቄ ነው። እንዲያውም የሳይንስ ፖሊሲ የሚጽፉ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ እሱ ነው።

የተለመደው መልስ «አየር መንገድ» ነው። መጥፎ መልስ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአፍሪካ ትልቁ ነው፤ የጥገና ማዕከሉ ለብዙ መሐንዲስና ቴክኒሻን እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ኤሮስፔስ የሚባለው ትምህርት ሁለት ክንፍ አለው። አንዱ አየር ውስጥ የሚበረውን፣ ሌላው ከአየር በላይ የሚዞረውን ይመለከታል። በመጀመሪያው ክንፍ ኢትዮጵያ ሰማንያ ዓመት ገደማ ልምድ አላት። በሁለተኛው ገና ዳዴ እያለች ነው። ወጣቱ የመረጠው ሁለተኛውን ከሆነ «አየር መንገድ» የሚለው መልስ ሊያጽናናው ይችላል፤ ጥያቄውን ግን አይመልስለትም።

የመጀመሪያው ክንፍ እንዴት ተገነባ?

መልሱን ለማግኘት ወደ አሮጌው ማረፊያ መመለስ ይጠቅማል።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ከፈረንሳይ የተገዛ ፖቴዝ 25 ነበር። ስድስት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቀላል አውሮፕላን ሠራ። በልዕልቲቱ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ሞተሯ ከውጭ የመጣ ቢሆንም አካሏ እዚሁ የተበጀ ነበር። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ወሰዳትና ለአሥርት ዓመታት በሙዚየም አቆማት። ለኢትዮጵያ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያ ሰሞን ብዙ ሰው ፎቶዋን አጋርቷል። ብዙም ያልተጠየቀው ግን ይህ ነው፦ ፀሐይን የሠሩት እጆች ሥራቸውን ሳይቋረጥ ቢቀጥሉ ኖሮ ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር? አውሮፕላኗ ተመልሳለች። የተቋረጠውን የእጅ ልምድ ግን በመርከብ ጭኖ መመለስ አይቻልም።

ከጦርነቱ በኋላ የተመረጠው መንገድ ሌላ ነበር። አየር መንገዱ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን መንገደኛ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። የመጀመሪያ ዘመኑ ቤት ልደታ ነበረች። አብራሪዎቹም መካኒኮቹም አስተዳዳሪዎቹም አሜሪካውያን ነበሩ፤ ውሉ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ነበርና። ያን ጊዜ አንድ የልደታ ልጅ «አብራሪ እሆናለሁ» ቢል «የት ልትቀጠር?» የሚለው ጥያቄ እንደ ዛሬው ይጠብቀው ነበር።

ሆኖም ውሉ የሚያልቅበት አቅጣጫ ተቀምጦለት ነበር፤ ሥራው ቀስ በቀስ ወደ ኢትዮጵያውያን ይዛወራል። ማሠልጠኛው እ.ኤ.አ. በ1956 ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የንግድ አውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከምሥረታው እስከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት መሆኑ ነው። በመካከሉ የጄት ዘመን መጣ። የልደታ መንደርደሪያ ለጄት አጭር ነበር። መንግሥት ቦይንግ 720 አዝዞ ብቻ አልተቀመጠም፤ ጄቶቹ በ1955 ዓ.ም. ሲደርሱ ቦሌ ጠበቃቸው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። አውሮፕላኑ፣ መንደርደሪያውና ሰውየው አብረው ታቀዱ። አውሮፕላን ያለ መንደርደሪያ፣ መንደርደሪያ ያለ አብራሪ ቢገዛ ልደታ ዛሬ የምትታወሰው በከሸፈ ፕሮጀክት ነበር።

ሁለቱ ሳተላይቶች

አሁን ወደ ሁለተኛው ክንፍ።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይናው ታይዩዋን ማምጠቂያ አመጠቀች። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 ትባላለች፤ 72 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ናት። ወጪዋ 8 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደነበር፣ ከዚህም 6 ሚሊዮን ያህሉን ቻይና እንደሸፈነች በወቅቱ ተነግሯል። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በዲዛይኑና በግንባታው ከቻይናውያን ጋር ተሳትፈዋል። መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እንጦጦ ላይ ነው። ዓመት ከጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ዘጠኝ ኪሎ የማትሞላ ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለች።

ይህ ከባዶ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት ብዙ ሰው እንደ ቀልድ አይቶት ነበር፤ ዳቦ ሳይጠገብ ኮከብ ቆጠራ ተብሏል። አባላቱ ግን ገፉበት። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ገደማ፣ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥታዊ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በኋላም ከካርታና ከጂኦስፓሻል ሥራ ጋር ተዋሕዶ የዛሬው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሆነ።

ሳተላይቷ ምን ትሠራ ነበር? ከምድር 628 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በሰከንድ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ትበር ነበር፤ ምድርን በአንድ ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ አንዴ ትዞር ነበር። በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ብትዞርም ከእንጦጦ አንቴና ጋር የምትገናኘው በቀን ጥቂት ጊዜ ነበር፤ እያንዳንዱ ግንኙነት ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም ነበር። በዚያች አጭር ጊዜ ጤንነቷ ይጠየቅ፣ ትእዛዝ ይላክላት፣ ያነሣችው ምስል ይወርድ ነበር። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ስልክ አንሥቶ «ቆዩኝ» ማለት አይችልም። ይህ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ምድር ከ2012 በፊት ያልነበረ ሙያ ነው።

ካሜራዋ 13.7 ሜትር ጥራት ነበረው። የምስሉ አንዷ ነጥብ መሬት ላይ 188 ካሬ ሜትር ገደማ ትሸፍናለች ማለት ነው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ሩብ ሄክታር የሚሆን ማሳ፣ በምስሉ ላይ አሥራ ሦስት ነጥብ ያህል ይሆናል። ሰውን ወይም ከብትን አታይም ነበር፤ ማሳው ለምልሞ ወይም ጠውልጎ እንደሆነ ግን ትለይ ነበር። ጤናማ ቅጠል ለዓይን የማይታየውን የታኅታይ ቀይ ብርሃን በብዛት ይመልሳል፣ የተጎዳ ቅጠል ይቀንሳል። ልዩነቱ ይሰላል። ከዚያ ስሌት ድርቅን ወር ቀድሞ መጠርጠር ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪ ደፍሮ ሊጠይቀው የሚገባ ከባድ ጥያቄ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ባለ 10 ሜትር ጥራት ምስል በየአምስት ቀኑ ያነሣሉ፤ ምስሉም ለማንኛውም ሰው በነፃ ይሰጣል። የአሜሪካው ላንድሳትም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ነፃ ነው። የተሻለ ምስል በነፃ እየተገኘ የራስ ሳተላይት ለምን ያስፈልጋል?

አንደኛው መልስ «ለክብር» የሚል ነው። ክብር ዋጋ አለው፤ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ከምረቃው ሪባን ጋር ይቆረጣል። ሁለተኛው መልስ የትና መቼ እንደሚነሣ ራስ መወሰን መቻሉ ነው፤ እውነት ነው። ሦስተኛው ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ሳተላይት መሥራት ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቡድን ኃይሉን፣ ሙቀቱን፣ ሬዲዮውን፣ ሶፍትዌሩን አዋሕዶ አንድ ሳተላይት አስነሥቶ ካንቀሳቀሰ በኋላ ያ ዕውቀት በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል። ምስሉን በነፃ ማውረድ ይቻላል፤ ልምዱን ግን ከኢንተርኔት ማውረድ አይቻልም።

ይህ መልስ የሚሠራው ግን ቡድኑ ሲቀጥል ነው። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1 የታቀደችው ለሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር። ትናንሽ ሳተላይቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው መተካት አለበት። ቀጣይ ሳተላይት እንደሚመጥቅ በተደጋጋሚ ተነግሯል። በሁለት ሳተላይቶች መካከል ያለው ርቀት ሲረዝም የሚጎዳው ምስሉ ብቻ አይደለም። የሠለጠነው መሐንዲስ ይበተናል፤ አንዱ ባንክ ገብቶ ሶፍትዌር ይሠራል፣ አንዱ ለዶክትሬት ይሄድና ይቀራል። የፀሐይ አውሮፕላን ታሪክ ጣሊያን ሳይመጣ እንደገና ይደገማል።

የስፔስ ሥራ ሮኬት ብቻ አይደለም

ስፔስ ሲባል ወጣቱ የሚያየው እሳት እየተፋ የሚነሣ ሮኬት ነው። በዓለም ላይ በዘርፉ የሚንቀሳቀሰው አብዛኛው ገንዘብ ግን ከማምጠቅ የሚገኝ አይደለም፤ ከሳተላይት በሚመጣው አገልግሎት፣ መረጃና በምድር ላይ ባለው መሣሪያ ዙሪያ ነው። ይህ ለኢትዮጵያ ተማሪ መልካም ዜና ነው።

ቦረና ይታይ። እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና ለአርብቶ አደሮች የከብት ኢንሹራንስ ተጀመረ። ሞተ የተባለውን ከብት እየዞረ የሚቆጥር ሠራተኛ የለም፤ ያን ያህል ሜዳ አካሎ መቁጠር ካሳውን ይበላዋል። በምትኩ የግጦሹ ልምላሜ ከሳተላይት ይለካል። ልምላሜው ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ካሳ ይከፈላል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሓ የተጀመረው የገበሬዎች ኢንሹራንስም የዝናቡን መጠን የወሰደው ከሳተላይት ነበር። አንድ አባወራ ላሞቹን ከማጣቱ በፊት መኖ የሚገዛበት ገንዘብ ማግኘት አለማግኘቱ በአንድ ስሌት ላይ ተንጠልጥሏል። ስሌቱ ከተሳሳተ ድርቅ ተመቶ ካሳ የማያገኝ ሰው አለ። ያን ስሌት ማን ይሥራው? የቦረናን መሬት፣ የገና እና የሐጋያን ዝናብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ቢሠራው አይሻልም?

ሥራው እዚያ ነው። የአንበጣ መንጋ የሚራባበትን እርጥብ አሸዋ መፈለግ፣ የአዋሽን ሙላት መከታተል፣ የመሬት ይዞታ ካርታ መሥራት፣ ከተማ በየት በኩል እየተለጠጠ እንደሆነ መለካት፣ ሁሉም የስፔስ ሥራ ነው፤ ሁሉም ኮምፒውተርና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። ልደታ ላይ መብራት ካልጠፋና ኢንተርኔት ካለ ተማሪው ዛሬ ማታ የሴንቲኔል ምስል አውርዶ መጀመር ይችላል። «ካለ» የምትለው ቃል ከባድ መሆኗን ግን ሁሉም ያውቃል። የስፔስ ፖሊሲ የሚጀምረው ከሶኬቱ ነው።

ስለዚህ ለእናትየዋ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነው፦ ልጁ ኤሌክትሮኒክስ፣ ፕሮግራምና የምስል ትንተና ጨብጦ ከወጣ ሥራ አያጣም። የዲግሪው ስም ብቻውን ግን አያስቀጥረውም።

የውጭው በር

ሌላው የተለመደ መልስ «ውጭ ይሄዳል» ነው። ከዚህ በፊት ሄደው የተሳካላቸው አሉ። ስማቸው በዘርፉ ቀድሞ የሚነሣው ዶክተር ቅጣው እጅጉ እ.ኤ.አ. በ1948 ቦንጋ፣ ከፋ ተወልደው፣ ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ወጥተው፣ በጃፓን በኩል አሜሪካ ደርሰው በጠፈር መንኮራኩርና በሳተላይት ምሕንድስና ለናሳ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 አረፉ። ከቦንጋ እስከ ናሳ ያለው መንገድ ለትውልዱ ተስፋ ሆኗል፤ የሚገባም ነው።

ለዛሬ ተማሪ ግን አንድ ነገር ሳይደበቅ ሊነገረው ይገባል። በአሜሪካ የሮኬትና የሳተላይት ቴክኖሎጂ በአብዛኛው አይታር በሚባለው የጦር መሣሪያ ወጪ ንግድ ደንብና መሰል ሕጎች ይጠበቃል። ኩባንያዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚቀጥሩት የአሜሪካ ዜጋን፣ ቋሚ ነዋሪን ወይም ጥገኝነት የተሰጠውን ሰው ነው። በተማሪ ቪዛ ሄዶ በከፍተኛ ማዕረግ የተመረቀ ልጅ ዲግሪውን ይዞ በኩባንያው በር ላይ ሊቆም ይችላል፤ የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ወረቀት ነው። የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲም በዋናነት የሚቀጥረው የአባል አገሮቹን ዜጎች ነው። ይህን ከአራት ዓመት በኋላ ከመስማት አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

የተከፈቱ በሮችም አሉ። በቤጂንግ ቤይሃንግ ዩኒቨርሲቲ በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ ያለ የስፔስ ትምህርት ማዕከል ለታዳጊ አገሮች ተማሪዎች የሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣል። የጃፓኑ ኪዩሹ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት «በርድስ» በተባለው ፕሮግራሙ የውጭ ተማሪዎችን ተቀብሎ የአገራቸውን ትንሽ ሳተላይት በእጃቸው እንዲሠሩ ያደርጋል። የጋና የመጀመሪያ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2017 የመጠቀችው በዚህ መንገድ ነው። አሥር ሴንቲ ሜትር በአሥር በአሥር የሆነች፣ አንድ ኪሎ የምትመዝን ኩብ ነበረች፤ ከጀርባዋ የነበረው የጋና ዩኒቨርሲቲም በዋና ከተማዋ ያለ አይደለም፣ ኮፎሪዱዋ በምትባል የክፍለ አገር ከተማ የሚገኝ የግል ተቋም ነው። ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2018 የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲን ሳተላይት ያስወነጨፈችው ጃፓንና የተባበሩት መንግሥታት በከፈቱት ዕድል ነው። ሁለቱም ዕድሎች የተገኙት በማመልከቻ ነው።

የስቴለንቦሽ ትምህርት

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ከደቡብ ይመጣል። በደቡብ አፍሪካ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አንድ ፕሮጀክት ጀመሩ፤ ሰንሳት የምትባል 64 ኪሎ የምትመዝን ሳተላይት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1999 በአሜሪካ ሮኬት መጠቀች። ሳተላይቷ ከሁለት ዓመት በኋላ ዝም አለች። ተማሪዎቹ ግን ዝም አላሉም። ከዚያ ፕሮጀክት የወጡ ሰዎች ኩባንያ አቋቋሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የመጠቀችውን የአገሪቱን ቀጣይ ሳተላይት ሠሩ። ያ ኩባንያ በኋላ በሌላ ቢዋጥም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ሌሎች ተወለዱ። ዛሬ ከስቴለንቦሽ የሳተላይት አቅጣጫ መቆጣጠሪያ እየተሠራ ለዓለም ይሸጣል።

ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው። ሥራው ተፈጥሮ ተማሪ አልተጠበቀለትም፤ ተማሪው ፕሮጀክት ተሰጥቶት ሥራውን ፈጠረ። «የት ልትቀጠር ነው?» የሚለውን ጥያቄ ስቴለንቦሽ የመለሰችው ተመራቂውን ቀጣሪ በማድረግ ነው።

ይህ በኢትዮጵያ የማይሆንበት ምክንያት የለም። ልደታ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። ተግባረ ዕድ ስሙ እንደሚለው የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ነው፤ ብዙ የአገሪቱ ቴክኒሻን ከዚያ ወጥቷል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የቀድሞው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲጀመር በውጭ አገር መምህራን የቆመ ነበር፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ኢትዮጵያውያን ያስተምሩበታል። አገሪቱ ሙያን ከሰው ተቀብሎ የራስ ማድረግን ታውቅበታለች። በአውሮፕላንም፣ በሕንፃም አድርጋዋለች።

ከልደታ ብዙም የማይርቀው የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤትም ሌላ ማስታወሻ ነው። የአፍሪካ የስፔስ ፖሊሲና ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የጸደቀው በኅብረቱ ጉባኤ ነው። የአፍሪካ ስፔስ ኤጀንሲ ግን መቀመጫውን ያደረገው ካይሮ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ግብፅ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ያመጠቀችው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ስብሰባ ማስተናገድና ኢንዱስትሪ ማስተናገድ ለየቅል ናቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለተማሪው፦ ዲግሪውን እንደ ቲኬት አይቁጠረው። በሁለተኛ ዓመቱ አንድ የሚሠራ ነገር ይጀምር፤ ከሳተላይት የሚወርድ ምልክት የሚቀበል ቀላል አንቴና በራሱ እጅ ሠርቶ የአየር ሁኔታ ምስል መቀበል ይቻላል፣ መሣሪያውም ውድ አይደለም። የአንድ ወረዳን ማሳ ለአንድ ክረምት ተከታትሎ ውጤቱን ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳይ። ቀጣሪ የሚጠይቀው «ምን ተማርክ?» ሳይሆን «ምን ሠራህ?» ነው። የሶሳይቲው አባል ይሁን፤ ብቻውን አይቅር። ውጭ ለመሄድ ካሰበ የሚሄድበትን አገር የቅጥር ሕግ ከትምህርት ክፍያው በፊት ያንብብ።

ለዩኒቨርሲቲዎች፦ ተማሪ ሁሉ ለየብቻው የመመረቂያ ጽሑፍ ጽፎ መደርደሪያ ላይ ከሚያስቀምጥ፣ ሃያ ተማሪ በየዓመቱ የሚቀባበለው አንድ ኩብ ሳተላይት ይሻላል። የዘንድሮው ኃይሉን ይሥራ፣ የከርሞው ሬዲዮውን። ስድስት ዓመት ቢፈጅ እንኳ ስድስት ዙር መሐንዲስ ይወጣበታል።

ለመንግሥት፦ ቀጣዩ ሳተላይት ሲታቀድ የሚነገረው ጥራቱና ክብደቱ ብቻ አይሁን። ስንት ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ የትኛውን ክፍል ይሠራል? ከዚያ በኋላ የሚመጣውስ መቼ ነው? ከቲ.ደብሊው.ኤ. ጋር የተደረገው ዓይነት ርክክብ፣ ዓመቱ የተቆረጠ፣ ወንበሩ የታወቀ፣ በስፔስም ይኑር። መሥሪያ ቤቶችም የሳተላይት መረጃ ሥራን ከውጭ አማካሪ ከመግዛታቸው በፊት እዚህ ላሉ ወጣቶች ጨረታውን ይክፈቱ። ለአንድ ጀማሪ ድርጅት የመጀመሪያው ደንበኛ መንግሥት ካልሆነ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

ለቤተሰብ፦ ጥያቄው ይቀጥል። «የት ልትቀጠር ነው?» ልጁን ብቻ ሳይሆን ተቋማቱንም ይጠየቅ። ክፍያውን የሚከፍል ወላጅ የዩኒቨርሲቲውን ኃላፊ «ያለፈው ዓመት ተመራቂዎቻችሁ የት ናቸው?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

ሳተላይቷ ከመምጠቋ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ 2012፣ ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለሩቅ ከዋክብትና ፕላኔቶች ያወጡትን ስም ይፋ አድርጎ ነበር። ለኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ኅብረ ኮከብ ያለች አንዲት ኮከብና የምትዞራት ፕላኔት ደርሰዋት ነበር። ኮከቧ «ቡና»፣ ፕላኔቷ «አቦል» ተባሉ። ስሙን ያወጡት ሰዎች ጥሩ መርጠዋል። አቦል የመጀመሪያው ነው፤ ቶናና በረካ ይከተላሉ ተብሎ ይጠጣል። አቦልን አቅርቦ ጀበናውን ያነሣ ቤት ግን እንግዳው ይታዘበዋል። ሁለት ሳተላይት መጥቃለች፣ የሠለጠኑ መሐንዲሶች አሉ፣ ልደታ ላይም ሌሊት የሚያጠና ልጅ አለ። የቀረው ከሰሉ ሳይጠፋ ውኃ መጨመር ነው።